የልጅነት መከራና የተማሪዎች እንቅልፍ

እንቅልፍ አእምሮ ቀን የተማረውን የሚያደላድልበት፣ ሰውነትም የሚታደስበት ጊዜ ነው። ለወጣቶች በቀን ከ7 እስከ 9 ሰዓት መተኛት ይመከራል። ጭንቀት ሲበረታ ግን አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉት ሆርሞኖች ሰውነትን አደጋ እንደመጣበት ያነቁታል፤ እንቅልፍ ይርቃል። የእንቅልፍ እጦቱም በማግስቱ ጭንቀቱን ያባብሳል።

ይህን የሰውነት ምላሽ በልጅነት የሚያልፉበት ነገርም ይቀርጸዋል። ፌሊቲና አንዳ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ያሳተሙት ጥናት በልጅነት የሚደርስ በደልና የቤተሰብ ቀውስ በጉልምስና ከሚታዩ ብዙ ሕመሞች ጋር እንደሚዛመድ አሳይቷል። በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ብዙ መከራ ያዩት የእንቅልፍ ችግር እንደሚበዛባቸው አመልክተዋል።

በአማራ ክልል በምትገኘው ዋግ ኽምራ ጉዳዩ ቅርብ ነው። ከሰቆጣና ከዙሪያዋ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱ ወጣቶች ድርቅ በሚደጋገምበት ምድር ያደጉ ናቸው፤ በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የጀመረው ጦርነትም ብዙዎችን አፈናቅሏል፣ ከትምህርት ገበታ አርቋል። በዚህ ላይ የቤት ናፍቆት፣ የገንዘብ እጥረት፣ የጋራ መኝታ ክፍል ጫጫታና የፈተና ሩጫ ይደረባሉ። ለጥናት ተብሎ የሚቃም ጫትና ማታ የሚጠጣ ቡና ነገሩን ያባብሳሉ።

ያለፈ መከራ ግን የማይለወጥ ዕጣ አይደለም። ዘወትር በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት፣ ከሰዓት በኋላ ቡናን መተው፣ ሊተኙ ሲሉ ስልክን ማራቅ ይረዳል። የሚታመን ወዳጅ፣ ዘመድ ወይም መምህር ሸክሙን ያቀላል። የእንቅልፍ እጦቱ ለሳምንታት ከዘለቀ ወይም ቅዠት ከተደጋገመ የዩኒቨርሲቲውን ክሊኒክ ወይም የምክር አገልግሎት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት በቅድሚያ የሚመከረው ሕክምና አስተሳሰብንና ልማድን የሚያስተካክል የንግግር ሕክምና ነው።