ጋዝም በሚዛን ይሸጥ

የምጣኔ ሀብት ነገር በተነሣ ቁጥር አሳባችን ወደ ባንክ፣ ወደ ወደብና ወደ መንግሥት በጀት የሚሮጥ ቢሆንም፣ የአገር ጥሪት ድምፅ ሳያሰማ ከሚያልቅባቸው ሥፍራዎች አንዱ የቆላ ከተማ ነዋሪ በመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሰቀለው የአየር ማቀዝቀዣ፣ ሕዝቡ በአጭሩ ኤሲ የሚለው መሣሪያ ነው። በደጋው አየር ለሚኖር አንባቢ ይህ ዕቃ የቅምጥልነት ምልክት መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን በድሬዳዋ፣ በሰመራ፣ በጋምቤላ፣ በጎዴና በመተማ፣ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪና ከዚያም በላይ በሚደርስባቸው ወራት፣ ሕፃን እንቅልፍ እንዲወስደው፣ ሕመምተኛ እንዲያርፍ፣ ሠራተኛም በማግሥቱ ከነሙሉ ኃይሉ ወደ ተግባሩ እንዲወጣ የሚያደርግ የኑሮ ዕቃ ነውና፣ ሊነቀፍ የሚገባው ባለቤትነቱ ሳይሆን አያያዙ ነው።

መሣሪያው ከነመለዋወጫው ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ከለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ በመውጣቱ፣ በግዴለሽነት የተቃጠለን ኮምፕረሰር፣ ማለትም የጋዝ መጭመቂያ ሞተር፣ መተካት የቤተሰብን በጀት የሚያናጋ ወጪ ሆኗል። የሒሳብ ዐዋቂዎች የእርጅና ተቀናሽ ብለው በየዓመቱ የሚመዘግቡት የንብረት መድከም በመኖሪያ ቤትም ውስጥ አለ፤ የሚመዘግበው ሰው ባይኖርም ተቀናሽነቱ አይቀርም፤ ፍጥነቱን ግን የሚወስነው የባለቤቱ ትጋት ወይም ሐኬት ነው።

አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊሊስ ካሪየር እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1902 የዘመናዊውን የአየር ማቀዝቀዣ ሥርዓት ያቀደው፣ በኒውዮርክ ከተማ በብሩክሊን የሚገኝ ማተሚያ ቤት ወረቀቱ በአየሩ እርጥበት እየተለጠጠና እየተኰማተረ ቀለሞቹ አልገጥም ብለው ስላስቸገሩት እንጂ ለሰው ምቾት ታስቦ አልነበረም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ስለ ደረሰ፣ ከተማይቱና መሣሪያው የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። ከመነሻው ንብረትን ከጥፋት ለመጠበቅ የተፈለሰፈ መሣሪያ ራሱ ጠባቂ አጥቶ ሲጠፋ ማየት ያሳዝናል።

መሣሪያው ብርድን አይፈጥርም፤ ሥራው ሙቀትን ከቤት ውስጥ ተሸክሞ ወደ ውጭ መጣል ነው። በመዳብ ቧንቧ ውስጥ የሚዘዋወረው ጋዝ በውስጠኛው ክፍል ከፈሳሽነት ወደ ተንነት ሲለወጥ የቤቱን ሙቀት ይቀበላል፤ ኮምፕረሰሩ አምቆ ወደ ውጭው ክፍል ሲልከው ደግሞ የተሸከመውን ሙቀት ለነፋስ አስረክቦ ዳግመኛ ፈሳሽ ይሆናል። በዚህ ረቂቅ ሥርዓት ምክንያት፣ ጤናማ የሆነ መሣሪያ በአንድ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ሦስት ኪሎዋት ያህል ሙቀት ከቤት ያወጣል። ባለቤቱ በገንዘቡ የገዛው ይህንን አንድ ለሦስት የሆነ ትርፍ ነው፤ አቧራ፣ የጋዝ ማነስና የአየር መታፈን የሚቀንሱትም ይህንኑ ነው።

በገበያው 12,000 ቢቲዩ የሚባለው መካከለኛ መሣሪያ በሰዓት አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚወስድ ነውና፣ በቀን ስምንት ሰዓት ያለ ዕረፍት ቢሠራ የወሩ ፍጆታ 240 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው፣ የቆሸሸን ማጣሪያ በንጹሕ መተካት ብቻ የመሣሪያውን የኃይል ፍጆታ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፤ ይህም በእኛ ምሳሌ በወር ከ12 እስከ 36 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፋችን ፍጆታ በጨመረ መጠን የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ እያደረገ የሚሄድ በመሆኑ፣ ፍጆታን በማጣሪያ እጥበት መቀነስ ሒሳቡን ያቀልላል። የክፍሉን ሙቀት 16 ዲግሪ ላይ መሙላትም መሣሪያውን ያለ ዕረፍት ያሠራዋል እንጂ ተራው መሣሪያ ቤቱን ቶሎ እንዲያበርድ አያደርገውም፤ 24 ወይም 25 ዲግሪ ለጤናም ለኪስም ይበቃል።

የማጣሪያው እጥበት ባለሙያ የሚጠራበት ሥራ አይደለም። መሣሪያውን አጥፍቶ፣ የፊቱን ክዳን ከፍቶ፣ ወንፊት መሰሉን ማጣሪያ አውጥቶ፣ ለብ ባለ ውሃ አጥቦ፣ በጥላ አድርቆ መመለስ ነው፤ አቧራ በሚበዛበት ወራት በየሁለት ሳምንቱ ቢደረግ መልካም ነው። የውጭው ክፍልም ሙቀቱን የሚያስረክበው ለነፋስ ስለሆነ፣ ከሌባ ለመጠበቅ ተብሎ በዝግ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ሲታሰር የጣለውን ሙቀት መልሶ ይስባል፤ ክፍት የብረት ፍርግርግ ይበቃዋል። ውሃ በቤት ውስጥ ሲንጠባጠብም አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ማፍሰሻ ቱቦው በቆሻሻ መደፈኑ ነውና ብዙ ሊያስጨንቅ አይገባም።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ግን ጋዙ ነው። በየዓመቱ ሙቀቱ ሲጀምር «ጋዙ አልቋል፤ ይሞላ» የሚል ቃል ይሰማል፤ ባለቤቱም የመኪና ነዳጅ ያለቀ ያህል ቈጥሮት ያለ ክርክር ይከፍላል። ይሁን እንጂ ይህ ጋዝ እንደ ነዳጅ እየተቃጠለ የሚያልቅ ሳይሆን፣ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ለዘወትር የሚዘዋወር ነው፤ ከጐደለ የወጣበት ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ሳይደፈን የተሞላው ጋዝ ደግሞ የቀድሞው በወጣበት መንገድ ይወጣል። ቀዳዳው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቧንቧዎቹ በሚጋጠሙባቸው መጋጠሚያዎች ላይ ሲሆን፣ የኮምፕረሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ስለሚወጣ፣ በመጋጠሚያው ላይ የሚታይ የዘይት እድፍ ላስተዋለ ሰው ምስክር ነው። የታመነ ባለሙያ በደረቅ ናይትሮጅን ግፊት ሞክሮ፣ በሳሙና አረፋ ፈትሾ፣ ቀዳዳውን ደፍኖ፣ በቫኪዩም ፓምፕ አየሩንና እርጥበቱን ከቧንቧው አውጥቶ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ጋዙን ይሞላል። የሚሞላውም መጠን በግምት የሚወሰን አይደለም፤ የጋዙ ዓይነት፣ አር-22 ይሁን አር-410ኤ ወይም አር-32፣ ከነክብደቱ በመሣሪያው ጐን በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ቡናና ሥጋ በሚዛን በሚሸጥበት ገበያ፣ ከእነርሱ ይልቅ ውድ የሆነው ጋዝ በጆሮ ድምፅና በእጅ ዳሰሳ የሚሸጥበት አንዳች ምክንያት አይታየኝም።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመውና በ2001 ለኖቤል ሽልማት ባበቃው ጥናት፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ ውስጥ መልካሙ ዕቃ ከመጥፎው ጋር በአንድ ዋጋ እየታየ ቀስ በቀስ ከገበያው እንደሚወጣ አስረድቷል። የእርሱ ምሳሌ ያገለገለ መኪና ነበር፤ የእኛ የጥገና ገበያም ከዚሁ ፍርድ አያመልጥም። ቀዳዳ ፈልጎ፣ መዝኖ የሚሞላ ባለሙያ ጊዜውንና መሣሪያውን ስለሚያወጣ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ልዩነቱን የማያውቅ ባለቤት ግን ርካሹን ይጠራል፤ በዚህም ሐቀኛው ባለሙያ ያለ ጥፋቱ ይቀጣል። እንዲሁም የውጭው ክፍል እየጐረመረመ ሳይነሣ ሲቀር፣ ጥፋቱ ካፓሲተር በምትባል አነስተኛ ዕቃ ሆኖ ሳለ፣ ኮምፕረሰሩ ሞቷል ተብሎ ሊፈረድ ይችላል። ካፓሲተር ኃይል ከተቋረጠ በኋላም የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ስለሚኖራት ባለቤቱ በእጁ እንዳይነካት እመክራለሁ፤ ነገር ግን በፊቱ ተለክታ እንድትታይለት መጠየቅ መብቱ ነው።

ኮምፕረሰርን የሚገድለው ሌላው ነገር የመብራት መዋዠቅ ነው። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ፣ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ሳይመጣጠን ሞተሩ ለመነሣት ይታገላልና፣ ሦስት ደቂቃ ያህል የሚያዘገይ ስታቢላይዘር መግዛት ከአዲስ ኮምፕረሰር እጅግ ይረክሳል።

የኦዞንን ንጣፍ ለመጠበቅ በተደረገው የሞንትሪያል ስምምነት ሥር አር-22 ከዓለም ገበያ እየወጣ ነው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በኪጋሊ የተደረሰበት ማሻሻያ ደግሞ አር-410ኤን የመሰሉትን ጋዞች ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል። አቅርቦቱ ሲጠብ ዋጋው መናሩ አይቀርም፤ ወደ ሰማይ የሚለቀቀው እያንዳንዱ ኪሎ ጋዝም ለምድሪቱ መሞቅ ምክንያት ይሆናል። ስለዚህ የጥገና ድርጅቶች በሚሰጡት ደረሰኝ ላይ የጋዙን ዓይነት፣ የተሞላውን መጠን በግራምና ቀዳዳው የተገኘበትን ሥፍራ እንዲጽፉ የንግድ ቢሮዎች ቢያስገድዱ፣ ያለ አንዳች የውጭ ምንዛሪ የሚፈጸም መልካም ሥርዓት ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ግን፣ የቆላው ከተማ አንባቢ ሆይ፣ ሚዛን ይዞ ላልመጣ ባለሙያ የጋዝ ዋጋ አትክፈል።