የአቃቂ ጋኖች ከበዓል እስከ በዓል

አንባቢ ሆይ፤ በበዓል ሰሞን በአቃቂ መንደሮች ውስጥ ለውስጥ በእግርዎ ሄደው ያውቃሉን? ሄደው እንደ ሆነ ዓይንዎ ምንም ሳያይ አፍንጫዎ አስቀድሞ ወሬውን ነግሮዎታል። ከአንደኛው ግቢ የወይራ ጢስ ይወጣል፤ ከሁለተኛው የተወቀጠ ጌሾ ይሸታል፤ ከሦስተኛው የሚታመስ ገብስ መዓዛ እስከ መንገዱ ይደርሳል። የቀን መቁጠሪያ ባይዙም በዓሉ ምን ያህል እንደ ቀረበ በዚሁ ያውቃሉ። ወይራው ሲጤስ ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቷል ማለት ነው፤ ገብሱ ሲታመስ አንድ ሳምንት፤ ጋኖቹ አፋቸው ተከድኖ ጸጥ ብለው ሲቀመጡ ደግሞ ጥቂት ቀን ብቻ ነው።

እነሆ ዛሬ ስለ ጠላ ልናወጋዎ ነው። ይኸውም ስለ ጠላ በጠቅላላው ሳይሆን ስለ ጠላ ወራት ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ብዙ ወጣቶች አንድ ልማድ አላቸው። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ዓመቱን በሙሉ አንድ ዓይነት አድርገው የሚያወጡትን ቢራ ትተው፥ በየሰፈሩ ያሉ ትንንሽ ጠማቂዎች በየወቅቱ የሚያወጡትን ይከታተላሉ። ብርድ ሲበረታ የሚወጣ ጥቁርና ጠንካራ ቢራ አለ፤ ሙቀት ሲገባ የሚወጣ ቀለል ያለ ቢራ አለ። ልማዱም ከሥሩ አዲስ አይደለም። በጀርመን አገር በባቫሪያ እ.ኤ.አ. በ1553 የወጣ ድንጋጌ በሙቀት ወራት ቢራ እንዳይጠመቅ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ ጠማቂዎቹ በማርች ወር ጠንከር ያለ ቢራ ጠምቀው በቀዝቃዛ ጓዳ እያቆዩ ሙቀቱ እስኪያልፍ ይጠጡት ነበር። የዚህ ዓይነቱ ቢራ እስከ ዛሬ ድረስ በዚያው ወር ስም ይጠራል።

በእኛም ከተማ ቦሌ ላይ ጋርደን ብሮይ የተባለው ቤት በጀርመኖች ወግ ቢራውን እዚያው ጠምቆ፥ ነጣ ያለውን ብሎንዲ፥ ጠቆር ያለውን ኤቦኒ ብሎ ለጠጪው አቅርቧል። ይህን የቀመሰ ወጣት «የቤት ጥመቃ ወደ አገራችን ገባ» ሊል ይችላል። እኛ ግን «መቼ ወጥቶ ያውቅና!» ብለን እንመልስለታለን። ማስረጃችንም አቃቂ ነው።

አቃቂ ቃሊቲ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ያለ ክፍለ ከተማ መሆኑን ያውቃሉ። የጥንቱ የጅቡቲ ባቡር ወደ ምሥራቅ ሲወርድ በአቃቂ ጣቢያ ያልፍ ነበር። በመንገዱ ዳርና ዳር የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ተተከሉ። ከፋብሪካው ጋር ሠራተኛ መጣ፤ ከሠራተኛው ጋር ጠላ ቤት መጣ። በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ካዩ ጠላ ቤት ነውና ሌላ ማስታወቂያ አይፈልጉ። ከዚህም ሌላ አቃቂ የውኃ አገር ነው፤ ከከርሰ ምድር የሚወጣው የአቃቂ ጉድጓድ ውኃ ለአዲስ አበባ ሕዝብ ይታደላል።

በአገራችን የመጀመሪያው የቢራ ፋብሪካ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1915 ዓ.ም. ተቋቋመ። ከ92 ዓመት በኋላ፥ በ2007 ዓ.ም.፥ የኔዘርላንዱ ሄኒከን ኩባንያ በዚሁ በአቃቂ ቃሊቲ በቂሊንጦ ታላቅ የቢራ ፋብሪካ አስመረቀ። ኩባንያው ቀደም ብሎ በ2003 ዓ.ም. የበደሌንና የሐረርን ፋብሪካዎች ከመንግሥት ገዝቶ ነበር። እንግዲህ በአንድ ክፍለ ከተማ ሁለት ዓይነት ጠማቂ ይኖራል ማለት ነው። አንዱ በሚያብለጨልጭ ብረት ጋን በሄክቶ ሊትር እየቆጠረ ይጠምቃል። ሌላይቱ በሸክላ ጋን ትጠምቃለች፤ ጋኗም እንዳይንጋደድ ከሥሩ ጠጠር ተደርጎለታል። «ጋን በጠጠር ይደገፋል» የሚለው ተረት እዚህ ዘንድ ተረት አይደለም፤ ጎንበስ ብለው ቢያዩ ጠጠሩን ያገኙታል።

አንድ ቅዳሜ በአቃቂ መንደር ወደ አንዲት እናት ቤት ገባን። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ለመኑን «እማማ» ብቻ እንላቸዋለን። ሦስት ጋን አላቸው። ልጆቻቸውንም ያሳደጉት ከእነዚህ ጋኖች ቀድተው ነው።

«ጠላ የሚጀምረው ከእጥበት ነው፤ ጋኑን ያላጠበች ሴት ጌሾዋን ባትደክም ይሻላታል» አሉን። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ ከዚያም በወይራ ፍልጥ ይታጠናል። ጢሱ ጋኑን ያጸዳል፤ ለጠላውም መዓዛ ይሰጠዋል። ቀጥሎ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ይህ ጥንስስ ነው። ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ የተፈጨ ብቅልና የተቆራረሰ ቂጣ ይገባበታል። ብቅል ማለት በውኃ ርሶ ከበቀለ በኋላ የደረቀ ገብስ ወይም ስንዴ ነው፤ እህሉ ሲበቅል ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጥ ኃይል ያበጃል። እርሾውም ያንን ስኳር በልቶ አልኮል ያደርገዋል። ከዚያ በምጣድ ላይ እስኪጠቁር የታመሰ እንኩሮ ከጌሾው እንጨት ጋር ይጨመርና ድፍድፍ ይሆናል። በመጨረሻ ውኃ ተሞልቶ ይከደናል፤ ሲሰክንም ይቀዳል።

አንባቢ ሆይ፤ ከእነዚህ ቃላት መካከል ለእርስዎ እንግዳ ያልሆኑ እንዳሉ ልብ ብለዋልን? ጋዜጣው «ሴራ ተጠነሰሰ» ሲል፥ የምክር ጽሑፉ «ሐሳቡ የተጠነሰሰው በእገሌ ጊዜ ነው» ሲል፥ ቃሉ የተወሰደው ከእማማ ጓዳ ነው። በዜና «ድፍድፍ ነዳጅ» ሲባል ሲሰሙም ገና ያልተጣራውን ነዳጅ የሰየምነው ገና ባልተጠለለው ጠላ ስም ነው። ጠላ ጠምቀው የማያውቁ ሁሉ በጠላ ጠማቂ ቋንቋ ይናገራሉ።

ቢራ ጠማቂው በሆፕስ አበባ የሚሠራውን እማማ በጌሾ ይሠሩታል። ሁለቱም ምሬት ይሰጣሉ፤ ሁለቱም መጠጡን ቶሎ ከመበላሸት ያቆያሉ። ልዩነቱ በእርሾው ላይ ነው። ፋብሪካው እርሾውን መርጦ በላቦራቶሪ ያራባል፤ የእማማ እርሾ ግን ከጌሾው ቅጠልና ከጋኑ ግድግዳ የሚመጣ ነው። ስለዚህም የአንድ ቤት ጠላ የጎረቤቱን ቤት ጠላ አይመስልም፤ የነሐሴውም ጠላ የጥሩን አይመስልም።

ወደ ወራቱ የደረስነው በዚህ ነው። እማማ ዓመቱን በጣታቸው እየቆጠሩ እንዲህ አስረዱን።

የዓመቱ መጀመሪያ የእንቁጣጣሽ ጠላ ነው። የሚጠነሰሰው በነሐሴ ዝናብና ብርድ ስለ ሆነ ቶሎ አይበስልም። «በነሐሴ ጋኑ ያንቀላፋል፤ ስለዚህ ቀደም ብዬ እጠነስሳለሁ፤ ወደ ምድጃውም አስጠጋዋለሁ» አሉ። ገብሱም ያለፈው ዓመት ነው፤ አዲሱ ገና በማሳ ላይ አረንጓዴ ነው። መስከረም 17 ቀን መስቀል ይከተላል። ከመስቀል በኋላ ሕዝቡ ለኢሬቻ ወደ ቢሾፍቱ ሲወርድ መንገዱ በአቃቂ ያልፋል፤ በዙሪያው ባሉ የኦሮሞ ገበሬዎች ቤትም ጠላው በስሙ ፋርሶ ተብሎ ይቀዳል።

ሁለተኛው ወቅት ከመኸር በኋላ ይመጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ አዲሱ ገብስ ይወቃል። ታኅሣሥ 29 ቀን ገና፥ ጥር 11 ቀን ጥምቀት፥ በማግስቱም ቃና ዘገሊላ ናቸው፤ ሠርጉም በዚሁ ወር ይበዛል። አየሩ ደረቅ፥ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፥ እህሉ አዲስ ነው። እማማ ያለ ማመንታት «የዓመቱ ጠላ የጥር ጠላ ነው» ብለው ፈረዱ።

ሦስተኛው የፋሲካ ጠላ ነው። ከ55 ቀን ጾም በኋላ በሙቀት ወራት ስለሚደርስ በጥቂት ቀን ይፈላል፤ ነገር ግን ቶሎ ይኮመጥጣል። ስለዚህ መጠኑን አስተካክሎ፥ ቀኑን ቆጥሮ ለበዓሉ ማድረስ የጠማቂዋ የብልሃት ፈተና ነው። በእነዚህ መካከል ማኅበሩ፥ ሰንበቴውና ዝክሩ አሉ፤ ጋኑም ፈጽሞ አይደርቅም።

ጠላው በወቅት ብቻ ሳይሆን በደረጃም ይለያል። ገና ያልጠለለውና ድፍርስ የሆነው ጉሽ ነው። ተጠልሎ ጠንከር ያለው በከተማችን «ፊልተር» ይባላል። ዋናው ከተቀዳ በኋላ በድፍድፉ ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚገኘው ቀጭን መጠጥ ቅራሪ ነው፤ የመጨረሻው አተላም ለከብት ይሰጣል። ተራው ጠላ ከመቶ ከ2 እስከ 4 ያህል፥ ፊልተሩ ከ5 እስከ 6 ያህል አልኮል ስላለው ፊልተሩን እንደ ተራው ጠላ ቆጥሮ የጠጣ ሰው ሲነሣ ጉልበቱ ይነግረዋል።

አሁን ወደ ጭንቀቱ እንምጣ። የእማማ መንደር ሊፈርስ ነው። እርሳቸውም በዕጣ የጋራ መኖሪያ ቤት ደርሷቸዋል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እማማ ቤቱን አላማረሩም፤ ውኃው በቧንቧ ይመጣል፥ ጣራውም አያፈስም። ጥያቄያቸው ሌላ ነው። «ጋኑን የት ላድርገው? ወይራውን የት ላጢስ? ለጋራ የተሠራ ማብሰያ ቤት አለ ይላሉ፤ እዚያ ሁለት ሳምንት ጋን ገትሬ ጎረቤቴን ላስቸግር?» አሉን።

የበለጠው ግን ከዚህ ቀጥሎ የተናገሩት ነው። ሴት ልጃቸው ተምራ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆናለች። «ልጄ የቢሮ ሥራ ታውቃለች፤ ጥንስስ ግን አታውቅም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ተማሪ ስለ ሆነች እጇ በጌሾ ለምን ይጥቆር ብዬ ከጓዳ አስወጣኋት» አሉና ዝም አሉ።

ይህንን ቃል እርስዎ ከራስዎ እናት አልሰሙትምን? ብዙዎቻችን ከጓዳ የወጣነው ተባርረን አይደለም፤ ተወድደን ነው። እናቶቻችን ለደብተራችን ሲሉ ሙያቸውን ደበቁን። ሙያው ደግሞ በመጽሐፍ አልተጻፈም። ስንት እፍኝ ጌሾ ለስንት ቁና ገብስ እንደሚበቃ፥ እንኩሮው ምን ያህል እስኪጠቁር እንደሚታመስ፥ በነሐሴ ስንት ቀን በሚያዝያ ስንት ቀን እንደሚቆይ የሚታወቀው በእጅና በአፍንጫ ነው። «ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ» የሚለው ተረት የሚያስፈራን ለዚህ ነው።

በቂሊንጦው ፋብሪካ ላይ ወቀሳ የለንም። ፋብሪካው ለብዙ ሰው እንጀራ ነው፤ ለአርሲና ለባሌ ገብስ አምራችም ገበያ ነው። ነገር ግን የፋብሪካ ሙያ ዓመቱን በሙሉ አንድ ዓይነት ጣዕም ማውጣት ነው። መስከረምን ከጥር፥ ጥርን ከሚያዝያ ለይቶ በብርጭቆ የሚያሳየን የእማማ ጋን ነው። ፋብሪካው ቢስፋፋ ይህን ሥራ ሊተካው አይችልም፤ ሥራው ሌላ ነውና።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በሚቀጥለው በዓል ወደ ቤተ ሰብዎ ሲሄዱ ጠላው ከተቀዳ በኋላ ሳይሆን ጋኑ ሲታጠን ይድረሱ። እናትዎን ወይም አክስትዎን እየጠየቁ በማስታወሻ ደብተርዎ ይጻፉ፤ «በግምት ነው» ሲሉዎት ግምታቸውን በጣሳ ይስፈሩት። ወንድ ነኝ ብለው አይፈሩ፤ በፋብሪካው ውስጥ የሚጠምቁት ወንዶችም ይህንኑ ሙያ በትምህርት ቤት ተምረው ይኮሩበታል።

ሲቀምሱም አስተውለው ይቅመሱ። ጥሩ ጠላ አስቀድሞ በወይራ ጢስ ይሸታል፤ ቀጥሎ የተጠበሰ ገብስ ይመጣል፤ በመጨረሻ የጌሾ ምሬት በምላስ ላይ ጥቂት ቆይቶ ይሄዳል። መኮምጠጡ ከቀደመ ቀኑ አልፎበታል። ውኃው ከየት እንደ ተቀዳ ከሚያውቁት ቤት ይጠጡ። ደመወዝ በተቀበሉበት ቀን ደግሞ ጣሳ የተደፋበትን ደጅ አልፈው አስቀድመው ወደ ቤትዎ ይግቡ፤ ጠላው ነገም አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ከዚህ ዕድሜ በታች ያሉ ተማሪዎች ይጻፉ እንጂ አይጠጡ።

ስንነሣ እማማ አንድ ጣሳ ቀዱልን። እንደ ጥንቱ ወግ አስቀድመው በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ቀመሱና ሰጡን። ልጃቸው ከሥራ ገብታ በበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። «ለፋሲካ ሦስቱንም ጋን እጠምቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ እማማ። ልጅቱም ቦርሳዋን አስቀምጣ «መቼ ነው የምትጠነስሺው?» ብላ ጠየቀች።

አንባቢ ሆይ፤ እርስዎም ይህንኑ ጥያቄ ለእናትዎ ይጠይቁ። ጋኑ ቦታ ሳያጣ ይጠይቁ።