ሰያፍ የግዕዝ ፊደል

ሰያፍ ፊደል ወይም አይታሊክ ቋሚ መስመሮቹ ወደ ቀኝ ያዘነበሉ የኅትመት ፊደል ነው። በላቲን ጽሕፈት የመጻሕፍትን ስም፣ የባዕድ ቃላትን ወይም አጽንዖት የሚሰጠውን ቃል ለመለየት ያገለግላል። በግዕዝ ፊደል ግን የቆየ ሰያፍ የኅትመት ልማድ የለም። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚታየው አብዛኛው ሰያፍ አማርኛ ቀጥ ያለው ፊደል በሶፍትዌር ተገፍቶ የተዘነበለ ነው።

አመጣጥ

ሰያፍ ፊደል በኅትመት የጀመረው በጣሊያን፣ በቬኒስ ከተማ ነው። አሳታሚው አልዱስ ማኑቲየስ በ1501 እ.ኤ.አ. የሮማዊውን ባለቅኔ የቬርጂልን ሥራዎች በዚህ ፊደል አሳተመ። ፊደሉን የቀረጸው ፍራንቼስኮ ግሪፎ ሲሆን፣ መነሻው የዘመኑ ምሁራን ፈጣን የእጅ ጽሑፍ ነበር። በመጀመሪያ ሙሉ መጽሐፍ ይታተምበት ነበር፤ ከቀጥታው ፊደል ጋር እየተቀላቀለ ለአጽንዖት ማገልገል የጀመረው ቆይቶ ነው።

እውነተኛ ሰያፍ ፊደል ዝም ብሎ የተዘነበለ ፊደል አይደለም። ንድፍ አውጪው እያንዳንዱን ፊደል እንደገና ይሥለዋል፤ አንዳንዱም ቅርጹ ፈጽሞ ይለወጣል። ሰሪፍ በሚባሉት ፊደላት ደግሞ በመስመሮቹ ጫፍ ያሉት ትናንሽ ጭረቶች የብዕርን አካሄድ ይከተላሉ።

በግዕዝ ጽሕፈት

በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነው። ዮሐንስ ፖትከን በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ሲያሳትመው ፊደላቱ ቀጥ ያሉ ነበሩ። የብራና ጸሐፊዎችም በመቃ ብዕር ቋሚውን መስመር ወፍራም፣ አግድሙን ቀጭን አድርገው ይጽፋሉ። የሙያው ስም ራሱ «ቁም ጽሕፈት» ነው። ለይተው ማሳየት የሚፈልጉትን ቃል፣ ለምሳሌ የቅዱሳንን ስም፣ በቀይ ቀለም ይጽፉታል እንጂ አያዘነብሉትም።

የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። ዩኒኮድ ግን ለሰያፍ «ለ» የተለየ ቁጥር አይሰጥም፤ ማዘንበል የፎንቱ ሥራ ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ እና የኤስ አይ ኤል ድርጅት ያዘጋጀው አቢሲኒካ ያላቸው አንድ ቀጥ ያለ ቅርጽ ብቻ ነው። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ ደማቅ ብዙ ውፍረት ቢኖረውም ሰያፍ የለውም።

በሶፍትዌር ሲዘነበል

ፎንቱ ሰያፍ ከሌለው አሳሹ ወይም የጽሑፍ ማቀናበሪያው ፊደሉን በሒሳብ ይገፋዋል። ማዘንበያው 14 ዲግሪ ቢሆን፣ ቁመቱ 100 የሆነ ፊደል አናቱ ከእግሩ አንጻር 25 ያህል ወደ ቀኝ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ የሚከተሉት ለውጦች ይታያሉ።

የመጀመሪያው የቀለበቶች መበላሸት ነው። በ«ሴ» እግር ያለው ቀለበት ወይም «ዐ» እንቁላል ይመስላል፤ መስመሩም ከላይ በቀኝና ከታች በግራ ይወፍራል፣ በሌሎቹ ሁለት ማዕዘኖች ይቀጥናል።

ሁለተኛው ከውበት አልፎ ንባብን ይነካል። እንደ «ተ» እና «ቀ» ያሉት ባለ አንድ እግር ፊደላት ራብዓቸውን የሚያሳዩት እግራቸውን ወደ ግራ በማጠፍ ነው፦ «ታ»፣ «ቃ»። ፊደሉ ወደ ቀኝ ሲዘነበል ደግሞ የ«ተ» እግር በሙሉ ወደ ግራ ይሄዳል። በትንሽ መጠን ሲነበብ «ተመነ» እና «ታመነ» መቀራረብ ይጀምራሉ፤ የአንዱ ትርጉም ዋጋ መተመን፣ የሌላው እምነት ማግኘት ነው። በአንጻሩ «በ»፣ «ባ» እና «ቦ» የሚለዩት በእግር ርዝመት በመሆኑ ማዘንበል ብዙም አይጎዳቸውም፤ መግፋት ቁመትን አይለውጥምና።

ስለዚህ ሰያፍ የግዕዝ ፊደል የሚነድፍ ሰው የራብዑን እጥፋት ማጉላት፣ ቀለበቶቹን እንደገና መሣልና የማዘንበያውን ልክ መቀነስ ይኖርበታል። ለዚህ ቅርብ የሆነው አገርኛ መነሻ በፍጥነት የሚጻፈው የእጅ ጽሑፍ ነው።

አጠቃቀም

ጌጠኛ ሰያፍ ፊደል በሠርግ መጥሪያ ካርድ፣ በምስክር ወረቀትና በሱቅ ማስታወቂያ ላይ ይታያል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ጉዳዩ የበለጠ ይወሳሰባል። በ2015 ዓ.ም. ወደ ሸገር ከተማ በተጠቃለሉት በእነዚህ ከተሞች አንድ ሰሌዳ ብዙ ጊዜ አፋን ኦሮሞን በቁቤ፣ አማርኛን በግዕዝ ፊደል፣ አንዳንዴም እንግሊዝኛን ይይዛል። ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ የተዘጋጁ ሰያፍ ሰሪፍ ፎንቶች ሞልተውለታል። ሰሌዳ ሠሪው አማርኛውን ከዚያ ጋር ለማመሳሰል ሲገፋው አንዱ ቋንቋ የተነደፈ፣ ሌላው የተጣመመ ሆኖ ይታያል። መንገደኛ ከሩቅ፣ ከሚሄድ መኪና ላይ ሆኖ የሚያነበው ስም ከሆነ ቀጥ ያለውን የግዕዝ ፊደል በተመጣጣኝ ውፍረት ማስቀመጥ ይሻላል።

በድረ ገጽ ላይ ሲኤስኤስ «ፎንት ሲንተሲስ» በሚባለው መመሪያ አሳሹ ፊደሉን በራሱ እንዳያዘነብል መከልከል ይቻላል። በአማርኛ ጽሑፍ አጽንዖት ለመስጠት ደማቅ ፊደል፣ የቀለም ልዩነት ወይም «» ትእምርተ ጥቅስ መጠቀም ይቻላል። ከእነዚህ ውስጥ ቀለሙ ከብራናው ዘመን የወረደ ነው።