ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

ርዕሱን አይታችሁ «ይህ ሰው ደግሞ ስለ መንግሥት ሊያወራን ነው» ብላችሁ ከሆነ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጥያቄው በፖለቲካችን ውስጥ ለዓመታት ስንከራከርበት የኖርነው ቢሆንም፣ ለዛሬ የማጫውታችሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ስነዳት ስለኖርኩት አሮጌ መኪናዬ ነው። ነገሩ ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። በስደት የምንኖር ሰዎች ከቤት ኪራይ ቀጥሎ ገንዘባችን የሚፈስበት ትልቁ ቀዳዳ መኪና ነው። የስንቱ ወገናችን የሁለትና የሦስት ዓመት ልፋት በዚህ ቀዳዳ እንደፈሰሰ በየለቅሶ ቤቱና በየቡናው የምንሰማው ነው። እኔም አንዱ ነኝ።

ባለፈው የብርድ ወራት፣ ገና ሳይነጋ በ395 አውራ ጎዳና ወደ ሥራ ስሄድ መኪናዬ ማርሽ ስትቀይር ትንገጫገጭ ጀመር። ነዳጁን ስረግጠው ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ግን አትሄድም። ቢጫዋ የሞተር መብራትም በራች። የ2009 ሥሪት ጃፓን ሠራሽ ስትሆን 187 ሺህ ማይል ሄዳለች። አስጎትቼ በአቅራቢያው ወዳለ ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውየው ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ካምቢዮው አልቋል፤ 4,200 ዶላር ያስፈልጋል። መኪናዋ ደግሞ ብትሸጥ ከ3,000 አታልፍም። ባትለፋ ይሻላል፤ ሌላ ግዛ» ብሎ አሰናበተኝ።

በዚያን ጊዜ የ9,000 ዶላር እቁብ ሊደርሰኝ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። ገንዘቡ ለልጄ የኮሌጅ የመጀመሪያ ክፍያ የታሰበ ነው። በዚያች መኪና ከመስከረም ጀምሮ ኮሌጅ የምትመላለሰውም እሷ ነበረች። እንግዲህ ጥያቄው የብረት ጥያቄ ብቻ እንዳልነበረ ይገባችኋል።

ከዚህ በፊት በዚሁ ጉዳይ ተቃጥያለሁ። በ2014 ሌላ አሮጌ መኪና ነበረችኝ። ጋራዡ 2,100 ዶላር ሲጠይቀኝ ተናድጄ በዚያው ቀን መኪና መሸጫ ገባሁና በስድስት ዓመት ብድር አዲስ መኪና ይዤ ወጣሁ። በ2017 ያች መኪና ከጥቅም ውጪ በሚያደርግ አደጋ ተመታች። ኢንሹራንሱ የከፈለው መኪናዋ በዚያን ዕለት የምታወጣውን ዋጋ እንጂ የእኔን ዕዳ አልነበረም። መኪና ሳይኖረኝ የ3,400 ዶላር ዕዳ ቀረብኝ። 2,100 ዶላር አላወጣም ብዬ ስንት እንዳወጣሁ ቤቴ ይቁጠረው።

ለመሆኑ ለምንድን ነው በዚህ ጉዳይ ደጋግመን የምንሳሳተው? በእኔ እምነት አንዱ ምክንያት ከሀገር ቤት ይዘነው የመጣነው አስተሳሰብ ነው። በሀገራችን መኪና ሀብት ነው። ቀረጡ ከባድ ስለሆነ ሠላሳ ዓመት የሞላት ኮሮላ እንኳ ገዥ አታጣም፤ ባለቤቷ ከገዛበት ዋጋ በላይ ሲሸጣት አይተናል። የመካኒክ ጉልበት ርካሽ፣ መኪናው ውድ ስለሆነ ማንኛውም ነገር ይበየዳል፣ ይቀጠላል፣ ይጠገናል። እዚህ አሜሪካ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የመካኒኩ ሰዓት ውድ ነው፤ መኪናው ደግሞ እንደ ስኳርና ዘይት እየተጠቀምንበት የሚያልቅ ዕቃ ነው። አዲስ መኪና የገዛ ሰው ትልቁ ወጪው ነዳጅ ወይም ጥገና ሳይሆን የመኪናው ዋጋ መውረድ ነው፤ ይህ ደግሞ ደረሰኝ ስለሌለው አይታየንም።

«ሲያረጅ ወደ ሀገር ቤት እልከዋለሁ» የሚባለውም ሕልም ዛሬ በሩ ተዘግቷል። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ሕግ መኪናው ባረጀ ቁጥር ግብሩ እንዲከብድ አደረገ። በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ ይህን ሂሳብ ውስጥ አታስገቡት።

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። ከደረሰብኝ ተምሬ ዛሬ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምነግራቸው አምስት ጥያቄዎች አሉኝ።

አንደኛ፣ በትክክል የተበላሸው ምንድን ነው? ብዙ ሰው የሞተር መብራት ሲበራ ይደነግጣል፤ ወይም መብራቱን አይቶ መኪናውን ይሸጣል። ከ1996 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ የቤት መኪናዎች በሙሉ ብልሽታቸውን በቁጥር የሚናገር አንድ ዓይነት መሰኪያ አላቸው። ብዙ የመለዋወጫ መደብሮች ይህን ቁጥር በነፃ ያነቡላችኋል። ነገር ግን ቁጥሩ ምልክት እንጂ ፍርድ አይደለም። ለምሳሌ ፒ 0420 የሚባለው ቁጥር የጭስ ማጣሪያው ሥራውን በሚገባ አልሠራም ይላል። ማጣሪያው ከሺህ ዶላር በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ችግሩ ግን የጭስ ቱቦ ቀዳዳ፣ የኦክስጅን ሴንሰር ወይም ያረጀ ካንዴላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትልቅ ገንዘብ ከተጠየቃችሁ ሁለተኛ መካኒክ ጋ ሂዱ። ለምርመራ የሚከፈል መቶ ምናምን ዶላር የሚቆጭ ገንዘብ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የወር ሂሳቡ ስንት ነው? «ጥገናው ከመኪናው ዋጋ ግማሽ ከበለጠ ጣለው» የሚል አባባል አለ። እኔ አልቀበለውም። ጥገናው መወዳደር ያለበት መኪናው ሲሸጥ ከሚያወጣው ዋጋ ጋር ሳይሆን፣ በምትኩ የምትገዙት መኪና በዚያው ጊዜ ከሚያስወጣችሁ ጋር ነው። ምሳሌ ልስጥ። 20 ሺህ ዶላር በ10 በመቶ ወለድ ለስድስት ዓመት ብትበደሩ በወር ወደ 370 ዶላር ትከፍላላችሁ፤ መጨረሻ ላይ የከፈላችሁት ወደ 26,700 ዶላር ይሆናል። ይህንኑ በአራት ዓመት ብትጨርሱት በወር ወደ 507 ዶላር ሆኖ ጠቅላላው ወደ 24,350 ነው። በዚህ ላይ አበዳሪው ሙሉ ኢንሹራንስ ግቡ ይላል፤ አሮጌዋ ግን በሦስተኛ ወገን ብቻ መሄድ ትችል ነበር። ቨርጂኒያ የምንኖር ደግሞ በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ መጠን የሚጣል ግብር አለብን፤ መኪናው አዲስ በሆነ ቁጥር ግብሩ ይጨምራል። ባንጻሩ 2,000 ዶላር የወጣበት ጥገና አሥራ ሁለት ወር ካስነዳ በወር 167 ዶላር ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ምንድን ነው? አንድ ከባድ ጥገና የሚያዋጣው ቀሪው አካል ጤነኛ ሲሆን ነው። ባትሪ፣ ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሬን፣ አሞርዛተር፣ ራዲያተር፤ እነዚህ በማንኛውም መኪና የሚያልቁ ናቸውና ለመለወጥ ምክንያት አይሆኑም። ታይሚንግ ቤልት የሚባለው ቺንጊያ ያለው ሞተር ከሆነ፣ እንደ ሥሪቱ ከ60 እስከ 100 ሺህ ማይል ባለው ጊዜ መቀየር አለበት። በብዙ ሞተሮች ላይ እሱ ከተበጠሰ ቫልቮቹና ፒስተኖቹ ተጋጭተው ሞተሩን ይጨርሱታል። በሌላ በኩል ነጭ ጭስ፣ የሚጠፋ የራዲያተር ውሃና ወተት የመሰለ የሞተር ዘይት ካያችሁ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ስለሚጠረጠር ረጋ ብላችሁ አስቡ። ወጪው የማያቆም ሊሆን ይችላል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ መንገድ ላይ ያስቀረቻችሁ መኪና ደግሞ የሥራ ቀን የምታስቀርባችሁ ናትና የቀረውን ደመወዝ በጥገናው ላይ ደምሩት። በተለይ ታክሲና ኡበር የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ለእናንተ መኪናው ጋራዥ የሚያድርበት ቀን ሁሉ ኪሳራ ነው።

አራተኛ፣ ሕይወት ታተርፋለች ወይ? ይህ ከገንዘቡ ሁሉ በላይ ነው። ታካታ የተባለው ኩባንያ ያመረታቸው ኤርባጎች ሙቀትና እርጥበት በዓመታት ብዛት ስለሚያበላሻቸው ሲፈነዱ የብረት ስባሪ ይረጫሉ። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን የሚሆኑ እንዲቀየሩ ጥሪ ተደርጓል። ቅያሬው በነፃ ነው። የመኪናችሁን 17 አኀዝ ያለው መለያ ቁጥር በመንግሥት የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ አረጋግጡ። ከዚህም ሌላ፣ መኪና በተንሸራተተ ጊዜ በራሱ ሚዛኑን እንዲይዝ የሚያደርገው መሣሪያ አሜሪካ ውስጥ ግዴታ የሆነው ከ2012 ሥሪት ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራች መኪና አላትም የላትምም ይሆናልና ጠይቁ። በረዶ በሚጥልበትና መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት አገር የምትኖሩ ደግሞ ዋናው ጠላታችሁ ዝገት ነው። ሞተር ይቀየራል፤ የበሰበሰ ሻንሲ ግን የቤት ምሰሶ እንደበላ ምስጥ ነው።

አምስተኛ፣ ሕጉ ምን ይላል? እዚህ ቨርጂኒያ በየዓመቱ የደህንነት ምርመራ አለ፤ በሰሜኑ ክፍል ደግሞ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ ይጨመራል። እንግሊዝ አገር ሦስት ዓመት የሞላው መኪና በየዓመቱ፣ ጀርመን ደግሞ በአብዛኛው በየሁለት ዓመቱ ይመረመራል። ለንደን ያላችሁ እንደምታውቁት ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የጭስ ገደቡ መላ ከተማዋን ሸፍኗል። ደረጃውን የማያሟላ መኪና በነዳችሁበት ቀን ሁሉ 12 ፓውንድ ከ50 ትከፍላላችሁ። እንዲህ ባለ ቦታ ሞተሩ እንደ ሰዓት የሚሠራ የድሮ ናፍጣ መኪና እንኳ መጠገኑ ላያዋጣ ይችላል።

እኔ ታዲያ ምን ወሰንኩ? መኪናዋን አሌክሳንድሪያ ወዳለ አንድ ወጣት የሀገሬ ልጅ መካኒክ አስጎትቼ ወሰድኳት። 120 ዶላር ከፍዬ መረመራት፣ እየነዳ ሞከራት። «ጋሼ፣ ካምቢዮው አላለቀም። ያስቸገረዎት የዘይቱን ግፊት የሚቆጣጠረው ሶሌኖይድ ነው፤ ዘይቱም ጠቁሯል። ይህን በ650 ዶላር እጨርስልዎታለሁ» አለኝ። ፍሬንና ሁለት ጎማ ሲጨመር 1,550 ዶላር መጣ። ማታ ከባለቤቴ ጋር ወረቀት ይዘን ቆጠርን፤ ለአንድ ዓመት ቢካፈል በወር 130 ዶላር አይሞላም። ደስ ብሎን ተኛን። በማግስቱ ደውዬ «ጀምር» አልኩት።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መልሶ ደወለ። «ጋሼ፣ ይምጡና በዓይንዎ ይዩ» አለኝ። ስደርስ መኪናዋ ወደ ላይ ተሰቅላለች። ከኋላ እግሮቿ በላይ ያለውን ተሸካሚ ብረት በካቻቢቴ ነካ ሲያደርገው ካቻቢቴው እንደ እንጀራ ሰንጥቆት ገባ። እኔ ለዓመታት ከላይ ሳጥባት እሷ ከታች አልቃለች።

«መበየድ አይቻልም?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ይቻላል፤ ግን የሚይዝ ጤነኛ ብረት ፍለጋ ሦስት ሺህ ዶላር ያልፋል። ለምርመራም የምታልፍ አይመስለኝም።»

«አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?»

ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ገንዘብዎን ተቀብዬ ካምቢዮውን ሠርቼ ብሰጥዎ ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ግን ልጅዎ የምትነዳት መሆኑን ነግረውኛል» አለኝ። ከዚያ በኋላ የምቆጥረው ሂሳብ አልነበረኝም።

የመጀመሪያው ጋራዥ «ለውጥ» ማለቱ ውጤቱ ትክክል ሆኖ ምክንያቱ ግን ስህተት ነበር። በእሱ ምክር ብቸኩል ኖሮ እንደ 2014ቱ ደንግጬ እገዛ ነበር። ሁለተኛው ምርመራ ግን መኪናዋ በራሷ መነዳት እንድትችል ስላደረጋት ሁለት ወር ተረጋግቼ እቁቤን ጠበቅሁ፤ ልጄ ሳትነካት ወደ ሥራዬ ብቻ፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ቀስ እያልኩ ተመላለስኩባት። ይህን አድርጉ ብዬ አልመክርም። ለሶሌኖይዱና ለዘይቱ 650 ከፈልኩ፤ ፍሬንና ጎማውን ተውኩት።

እቁቡ ሲደርሰኝ 5,000 ዶላሩን ቅድሚያ አደረግሁ፤ 4,000ው ለኮሌጅ ቀረ። ከመኪና መሸጫው ሳይሆን አስቀድሜ ከአንድ የብድርና ቁጠባ ማኅበር 7,000 ዶላር በ8 በመቶ ለሦስት ዓመት ተበደርኩ። በወር 219 ዶላር ነው፤ ጠቅላላ ወለዱ ወደ 900 ዶላር። ግብርና ወረቀቱን ጨምሮ በ12 ሺህ ዶላር አንድ ባለቤት ብቻ የነበራት መኪና ገዛሁ። ከመፈረሜ በፊት ያው ልጅ ሰቅሎ አየልኝ። ከእሷ በፊት የወደድናትን አንዲት መኪና፣ ታጥባና ተወልውላ ስታበራ፣ «ጋሼ፣ ይቺ ውኃ ውስጥ ገብታ የወጣች ናት» ብሎ አስጥሎኛል። ሻጩ መካኒካችሁ እንዲያያት ካልፈቀደ ጥላችሁ ሂዱ። «በወር ስንት መክፈል ይችላሉ?» ለሚላችሁም የወሩን ሳይሆን ጠቅላላውን ዋጋ ጠይቁ፤ የስደተኛ ገንዘብ የሚያልቀው በዚያች ጥያቄ ነው።

አሮጌዋን የብረት ሰብሳቢ በ400 ዶላር ጎትቶ ወሰዳት። ልጄ ከመስተዋቱ ላይ የተንጠለጠለችውን ባለሦስት ቀለም ጨርቅ አውልቃ ወደ አዲሲቱ አዛወረቻት። ሲጎትቷት ባለቤቴ «እንደ ሰው ልናለቅስላት ነው?» ብላ ሳቀችብን።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ መጠገንም መለወጥም በራሱ ስህተት አይደለም። ስህተቱ ከሥር ሳያዩ መወሰን ነው። የእናንተም መኪና ማን እንደሚነዳት አስቡና፣ በዚህ ሳምንት ወደምታምኑት ሰው ወስዳችሁ አሰቅሏት።

ቸር እንሰንብት።