ጡት ማጥባት፦ በሕፃኑ ፍላጎት ወይስ በሰዓት?

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የቂሊንጦ አካባቢ ከጥቂት አሥርተ ዓመታት በፊት በአብዛኛው የእርሻ መሬት ነበር። ዛሬ በዚሁ ስፍራ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ ለመድኃኒት አምራቾች የተዘጋጀ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የቢራ ፋብሪካና የጋራ መኖሪያ ቤቶች ይገኛሉ። በዚህም ምክንያት የብዙ ቤተሰብ ኑሮ በሰርቪስ መነሻና በፈረቃ መግቢያ ሰዓት የሚመራ ሆኗል። ሰዓት ቤቱን ሁሉ ሲገዛ ደግሞ አንድ ጥያቄ ወደ አራስ ቤት ይዘልቃል። ይኸውም ጨቅላው ጡት የሚሰጠው በየሦስት ሰዓቱ ተለክቶ ነው ወይስ በፈለገ ቁጥር? የሚለው ነው።

የጤና ሚኒስቴርም ሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ለእናቶች የሚሰጡት ምክር አንድ ነው። ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይጀምራል፤ እስከ 6 ወር ድረስ ውኃ እንኳ ሳይጨመርለት የእናት ጡት ብቻ ይጠባል፤ የሚጠባውም በፈለገ ጊዜ ሁሉ፣ ቀንም ሌሊትም ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይሆናል። ምክሩ አጭርና ግልጽ ቢሆንም ምክንያቱ ሳይብራራ ሲቀር እናቲቱ የምትሰማው “እንቅልፍ የለሽም” የሚለውን ብቻ ይሆናል።

ምክንያቱ ከወተቱ አመራረት ይጀምራል። የጡት ወተት በዕቃ ተቀድቶ እንደሚቀመጥ ቀለብ አይደለም። ሕፃኑ ሲጠባ በጡት ጫፍ ላይ የሚገኙ ነርቮች ለአንጎል መልእክት ያስተላልፋሉ፤ በዚህም ሁለት ሆርሞኖች ይመነጫሉ። ፕሮላክቲን የተባለው ወተቱ እንዲመረት ያደርጋል፤ ኦክሲቶሲን የተባለው ደግሞ የተመረተው ወተት እንዲወርድ ያደርጋል። ፕሮላክቲን በሌሊት መጠኑ ከፍ የሚል በመሆኑ የሌሊቱ ጥቢ ለነገው ወተት ትልቅ ድርሻ አለው። በሌላ በኩል ጡት ሞልቶ ሲቆይ ምርቱ ይቀዛቀዛል፤ ሲጎድል ግን ቶሎ ይተካል። ስለሆነም “ወተቱ እስኪጠራቀም ልጠብቅ” ብላ ጥቢውን የምታዘገይ እናት ሳታውቀው ጡቷን ምርት እንዲቀንስ እያዘዘችው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በሕፃኑ በኩል ያለው ነው። በመጀመሪያው ቀን የጨቅላው ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው የሻይ ማንኪያ የሚያህል እንገር ብቻ ነው። የጡት ወተትም ከላም ወተት ይልቅ ፈጥኖ የሚፈጭ በመሆኑ ሕፃኑ ቶሎ ይርበዋል። ከዚህም በላይ ሕፃናት አንድ ዓይነት አይደሉም። በምዕራብ አውስትራሊያ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ወር የሆኑና የእናት ጡት ብቻ የሚጠቡ 71 ሕፃናትን ከእናቶቻቸው ጋር ለ24 ሰዓት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። በጥናቱ ሕፃናቱ በቀን በአማካይ 11 ጊዜ የጠቡ ሲሆን አንዱ 6 ጊዜ ሲጠባ ሌላው 18 ጊዜ ጠብቷል። በአማካይ የወሰዱት ወተት 788 ግራም ነበር። ከሕፃናቱ 64 በመቶ የሚሆኑት በሌሊትም ይጠቡ ነበር። አንዲት እናት ጡቷ በአንድ ጊዜ ብዙ ወተት መያዝ ሲችል የሌላዋ ጥቂት ይይዛል፤ ሁለቱም ልጆቻቸውን አጥግበው ያሳድጋሉ፤ የሚለያዩት በሚያጠቡበት ድግግሞሽ ነው። ለሁለቱም አንድ የጊዜ ሰሌዳ መስጠት ጥቂት የምትይዘውን እናት ልጅ ማስራብ ይሆናል።

በየሦስት ወይም በየአራት ሰዓቱ የሚለው ልማድ ከወዴት መጣ? በአገራችን እናት ልጇን በጀርባዋ ወይም በጎኗ ይዛ ውላ በነቃነቀ ቁጥር ጡት መስጠቷ የኖረ ነገር ነው። የሰዓቱ ሥርዓት ግን በ19ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ በአሜሪካና በአውሮፓ የተስፋፋ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ሉተር ኤሜት ሆልት እ.ኤ.አ. በ1894 ባሳተመው የሕፃናት አያያዝ መጽሐፍ፣ የኒውዚላንዱ ሐኪም ትሩቢ ኪንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1907 በመሠረተው ማኅበር አማካይነት ጥቢ በሰዓት እንዲሆን በብርቱ ሰብከዋል። ዘመኑ የላም ወተት በጡጦ የሚሰጥበት፣ በተበከለ ወተት ብዙ ሕፃናት የሚሞቱበት ስለነበር ልክና ሰዓት ማበጀቱ ለጡጦው ትርጉም ነበረው። በኋላም በሆስፒታሎች ሕፃናት ከእናቶቻቸው ተለይተው በአንድ ክፍል ይቀመጡ ስለነበር ለነርሶች ሥራ የሚመቸው የሰዓቱ ሥርዓት ነበር። ለጡጦ የወጣው ደንብ ለጡት ተላለፈ ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ1989 ለወሊድ አገልግሎት ሰጪ ተቋማት ባወጧቸው አሥር እርምጃዎች ውስጥ ስምንተኛው በፍላጎት ማጥባትን ማበረታታት የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በተደረገው ማሻሻያ እናቶች የልጃቸውን የረሃብ ምልክት ለይተው ምላሽ እንዲሰጡ ማገዝ ወደሚለው ተለውጧል። የቃሉ ለውጥ ቀላል አይደለም። “በፍላጎት” ሲባል ብዙ ሰው “ሲያለቅስ” ብሎ ይተረጉመዋልና። ልቅሶ ግን የረሃብ የመጨረሻው ምልክት ነው። ሕፃኑ ከዚያ አስቀድሞ ከእንቅልፉ ይንቀሳቀሳል፣ አፉን ይከፍታል፣ ራሱን ወዲያና ወዲህ እያዞረ ጡት ይፈልጋል፣ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ጡት የሚሰጠው ሕፃን በደንብ ጎርሶ ይጠባል፤ እየጮኸ የሚሰጠው ግን መጀመሪያ መባበል ያስፈልገዋል።

በጥያቄው ውስጥ ትልቁ አደጋ ያለው “ወተቴ አነሰ” በሚለው ስጋት ላይ ነው። ጨቅላዎች በተለይ አመሻሽ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ ሊጠቡ ይችላሉ። በሦስተኛው ሳምንት፣ በስድስተኛው ሳምንትና በሦስተኛው ወር አካባቢም ለሁለትና ለሦስት ቀን ከወትሮው አብዝተው የሚጠቡበት ጊዜ አለ። ሕፃኑ በዚህ መንገድ ጡቱን ተጨማሪ ምርት እያዘዘው ነው። አያት ወይም ጎረቤት ግን “ልጁ አልጠገበም” ትላለች፤ በቅን ልቡናም የላም ወተት በጡጦ ወይም ለሆድ ቁርጠት ይበጃል በሚል አብሽ ይሰጠዋል። ሕፃኑ በዚያ ሆዱ ሞልቶ ይተኛል፤ አንድ ጥቢ ይቀራል፤ ጡቱም ያንን ያህል ያነሰ ያመርታል። ከሳምንት በኋላ ወተቱ በእርግጥም ያንሳል። ስጋቱ ራሱን እውን አደረገ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይህንኑ ጉዞ በቁጥር ያሳያል። ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት የእናት ጡት ብቻ የሚያገኙት 58 በመቶ ነበሩ። በዕድሜ ሲከፈል ግን ከ2 ወር በታች ካሉት 74 በመቶ፣ የ2 እና የ3 ወር ከሆኑት 64 በመቶ፣ የ4 እና የ5 ወር ከሆኑት ደግሞ 36 በመቶ ብቻ ናቸው። አብዛኛዎቹ እናቶች ደመወዝተኛ ባለመሆናቸው ለማሽቆልቆሉ የሥራ ሰዓትን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም፤ ውኃና የላም ወተት ቀድሞ የመጀመር ልማድም አለበት። እንደ ቂሊንጦ ባለ የፋብሪካ ሰፈር ግን የሥራው ሰዓት ግንባር ቀደም ምክንያት መሆኑን ለመገመት ሕጉን ማየት ይበቃል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንዲት ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች። ቀድሞ በነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 የድኅረ ወሊዱ ፈቃድ 60 ቀን ስለነበር መሻሻሉ የሚናቅ አይደለም። ይሁንና ጡት ብቻ እንዲጠባ የሚመከረው 6 ወር፣ ፈቃዱ 3 ወር ነው። ቀሪዎቹ 90 ቀናት ለእናቲቱና ለፈረቃ ኃላፊዋ የተተዉ ናቸው። (ለአባት የተፈቀደው 3 ቀን መሆኑንም በዚሁ ማንሳት ይገባል።) የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 183 የምታጠባ ሠራተኛ በየቀኑ ከሥራ ሰዓት የሚታሰብ የማጥቢያ እረፍት እንዲኖራት ይደነግጋል። በአገራችንም በ2010 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። በፋብሪካ ግቢ ውስጥ የምታጠባ እናት የምትቀመጥባት፣ በሯ የሚዘጋ አንዲት ክፍል ከማሽን ዋጋ አንጻር የምታስወጣው ወጪ ኢምንት ነው።

ወደ ሥራ የምትመለስ እናት በፍላጎት ማጥባትን መተው የለባትም፤ ሰዓቱን ከልጁ ላይ አንስታ ለራሷ ማድረግ ትችላለች። ከቤት ልትወጣ ስትል ታጠባለች፤ እንደገባች ታጠባለች፤ ሌሊቱንና የእረፍት ቀኗን ለሕፃኑ ፍላጎት ትተዋለች። በሥራ ላይ ሳለች ደግሞ በየሦስት ሰዓቱ ገደማ ወተቷን ታልባለች። ብዙ ሕፃናት እናታቸው ቀን ስትለያቸው የጎደለውን በሌሊት አብዝተው በመጥባት ያካክሱታል፤ ይህ ድካም ቢኖረውም የጡቱን ምርት የሚጠብቀው እሱ ነው። ከላይ የተጠቀሰው 788 ግራም ለ24 ሲካፈል በሰዓት ወደ 33 ግራም ይመጣል፤ በመሆኑም ለ10 ሰዓት የምትለይ እናት ሲሶ ሊትር ያህል ወተት ብትተው ይበቃል። የታለበው ወተት በንጹሕና ክዳን ባለው ዕቃ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ሲሰጥ በእሳት አይፈላም፤ ዕቃው በሞቀ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ለብ ይላል። በጡጦ ፈንታ በትንሽ ኩባያ መስጠት የሚመረጠው ኩባያ ለማጠብ ስለሚቀል፣ ሕፃኑም የጡትን አጎራረስ እንዳይረሳ ነው። ለዚህ ሁሉ ልምምዱ ሥራ ከመጀመሩ ከሁለት ሳምንት በፊት ቢጀመር ልጁን የምትጠብቀው አያት ወይም ሞግዚትም ትለምደዋለች።

በሰዓት ማጥባትን የሚደግፉ ወገኖች የሚያነሱት ክርክር መሠረት የለሽ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናትን መረጃ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በሰዓት የሚመግቡ እናቶች የተሻለ እንቅልፍ እንደሚያገኙ አሳይቷል። በዚያው ጥናት በፍላጎታቸው የተመገቡት ልጆች በ8 ዓመታቸው በተሰጣቸው የአእምሮ ብቃት መለኪያ በ4 ነጥብ ገደማ በልጠው ተገኝተዋል። ጥናቱ በክትትል ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ልዩነቱን ያመጣው የአመጋገቡ ሥርዓት ብቻ ነው ለማለት አያስደፍርም። እ.ኤ.አ. በ2014 ኮክሬን የተባለው የሕክምና መረጃ ገምጋሚ ተቋም ሁለቱን መንገዶች በዕጣ ከፍሎ ያነጻጸረ ብቁ ጥናት ፈልጎ አላገኘም። በመሆኑም ዛሬ ያለው ምክር የቆመው በዋናነት በወተቱ አመራረት ዕውቀትና በተግባር ልምድ ላይ ነው። የእናት እንቅልፍም ቀላል ጉዳይ ስላልሆነ አባት ሌሊት ሕፃኑን አንስቶ ማቀበሉ፣ ካጠባችው በኋላ ማስገሳቱና ጨርቅ መቀየሩ በምክሩ ውስጥ ሊካተት ይገባል።

ሰዓት ማየት ግድ የሚሆንባቸው ሕፃናትም አሉ። ያለጊዜው የተወለደ፣ ክብደቱ ያነሰ ወይም ቢጫ የሆነ ጨቅላ ርቦትም ሳይጠይቅ ሊተኛ ይችላል። እንዲህ ያለውን ቢያንስ በየሦስት ሰዓቱ፣ ሐኪም ካዘዘም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ቀስቅሶ ማጥባት ያስፈልጋል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁ ከባልደረባቸው ጋር ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ጥናት ክብደታቸው ያነሰ ጨቅላዎችን በእናት ደረት ላይ ገላ ለገላ አድርጎ ማቆየት የመትረፍ ዕድላቸውን እንደሚያሻሽል ያሳየ ሲሆን፣ እንዲህ የታቀፈ ሕፃን ለጡትም ቅርብ ነው። ጤነኛውም ጨቅላ ቢሆን የልደት ክብደቱን እስኪመልስ ድረስ ሌሊቱን ሙሉ ሳይጠባ እንዲያድር አይተውም።

እናቲቱ ልጇ መጥገቡን የምታውቀው በጥቢው ብዛት ወይም በጡቷ መጠን አይደለም። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስትና ከዚያ በላይ ጨርቅ በሽንት ካረጠበ፣ ሲጠባ ሲውጥ ከተሰማና በሁለት ሳምንት ውስጥ የልደት ክብደቱን ከመለሰ ወተቱ በቂ ነው። በአንጻሩ ለመጥባት አቅም ያጣ፣ ለመንቃት የሚያስቸግር፣ ያተኮሰው ወይም የወትሮ ሙቀቱን አጥቶ የቀዘቀዘ፣ ቢጫነቱ መዳፉና ውስጥ እግሩ የደረሰ ወይም የሽንቱ መጠን የቀነሰ ጨቅላ ሰዓቱም ፍላጎቱም ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሊወሰድ ይገባል። የአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪዎች ለከፍተኛ ሕክምና ሪፈር ሲባሉ በክፍለ ከተማው የሚገኘውን የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል መጠቀም ይችላሉ።