ተጎትቶ የሚደረደር ዝርዝር ዳታቤዝ ላይ እንዴት ይቀመጥ?

የአውቶብስ ትኬት መተግበሪያ እየሠራችሁ ነው እንበል። መስመሩ ደሴ፣ አቀስታ፣ መካነ ሰላም፣ ጉንደወይን ነው፤ «ተራ» የሚል ዓምድ ከፍታችሁ ከ1 እስከ 4 ሰጣችሁ። ስምሪት ክፍሉ አዲስ ፌርማታ፣ ጉጉፍቱን፣ ጎትቶ ደሴና አቀስታ መሃል ሲያስገባ ከአቀስታ ጀምሮ ያለው ሁሉ እንደገና ይቆጠራል። ለአምስት ፌርማታ ይሁን፣ አትጨነቁ። ዝርዝሩ በሺዎች ሲሆን ነው ጣጣው።

የተለመደው መላ ክፍተት መተው ነው፦ 1000፣ 2000፣ 3000። ጉጉፍቱ 1500 ትሆናለች፤ የሚጻፈው አንድ ረድፍ ብቻ። እዚያው ቦታ ላይ 9 ወይም 10 ጊዜ ደጋግማችሁ ካስገባችሁ ግን ክፍተቱ እየተጋመሰ ያልቃል፤ ያኔ ሁሉንም በአዲስ መልክ በሺህ በሺህ መደርደር ነው። አስርዮሽ ቁጥር ቀኑን ያራዝማል እንጂ አያስቀረውም። የሥራ መከታተያው ጂራ በቁጥር ፈንታ የፊደል ሰንሰለት ይጠቀማል፣ ሌክሶራንክ ይሉታል፤ እሱም ቢሆን ሲረዝምበት እንደገና ያስተካክላል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላ ነው። ደሴና መካነ ሰላም ያሉ ሁለት ሠራተኞች እኩል ቢጎትቱስ? ብራውዘሩ ሙሉውን ዝርዝር ከላከ የኋለኛው የፊተኛውን ሥራ ያጠፋዋል። «ጉጉፍቱን ከደሴ ቀጥሎ አድርግ» ብቻ ይላክ፤ ቁጥሩን ሰርቨሩ መስመሩን ቆልፎ፣ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ያስላ።