የዓባይ ጥያቄ ከደምበጫ ሲታይ

ከባሕር ዳር ተነስቶ በኮሶበር በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምንና ደምበጫን እያለፈ ደብረ ማርቆስ ይደርሳል። በዚህ አገር ብር፣ ላህ፣ ተምጫና ስማቸው ከቀበሌ አልፎ የማይሰማ ብዙ ጅረቶች ይወርዳሉ። መዳረሻቸው ሁሉ ዓባይ ነው። የዓባይ ክርክር ሲነሳ ግን የሚጠሩት ጣና፣ ጉባ፣ ካርቱምና ካይሮ ናቸው። ዝናቡ የሚወርድባቸው ተዳፋት ማሳዎችና የሚያርሷቸው ሰዎች ከክርክሩ ዳር ይቀራሉ።

ነገሩ በቁጥርም ይታያል። ከጣና ሐይቅ በባሕር ዳር በኩል የሚወጣው ውሃ፣ ዓባይ የሱዳንን ድንበር ሲሻገር ከሚይዘው ከመቶ አሥር እጅ እንኳ አይሞላም። የቀረው ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከወለጋ በሚወርዱ ገባሮች የሚመጣ ነው። እንዲያም ሆኖ የዓባይ ጥያቄ ለብዙ ዘመን የሐይቁ ጥያቄ ብቻ ተደርጎ ቆይቷል። ይህ እንዴት እንደሆነ የሚያስረዳን በዳንግላ ዘጠኝ ዓመት ያህል የኖሩ አንድ እንግሊዛዊ ቆንስል ታሪክ ነው። ያልተጠየቀው ጥያቄ ምን እንደነበረ የምናየው ደግሞ ደምበጫ ወረዳ ውስጥ፣ አንጀኒ በምትባል ትንሽ ተፋሰስ ነው።

ጣና ለምን ተፈለገ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግብፅንና ሱዳንን በእጇ ያስገባችው ብሪታንያ ለፋብሪካዎቿ ጥጥ ትፈልግ ነበር። ጥጡ በመስኖ ይለማል። ዓባይ ደግሞ ክረምት ሞልቶ በበጋ ይጎድላል። የክረምቱን ውሃ ይዞ ለበጋ የሚያቆይ ማጠራቀሚያ ሲፈለግ የመሐንዲሶቹ ዓይን ጣና ላይ አረፈ። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ውሃው የሚወጣው ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ ነው። በዚያ መውጫ ላይ መጠነኛ ግድብ ቢሠራ ሐይቁ ራሱ ጎተራ ይሆናል ብለው አሰቡ።

ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከብሪታንያው መልእክተኛ ከጆን ሌን ሃሪንግተን ጋር የፈረሙት የድንበር ውል ይህን ፍላጎት የያዘ አንቀጽ አለው። ከብሪታንያና ከሱዳን መንግሥት ጋር ስምምነት ሳይደረስ በዓባይ፣ በጣና ወይም በሶባት ወንዝ ላይ የውሃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ይላል። የኢትዮጵያ የሕግ ሰዎች የተከለከለው ማገድ እንጂ መጠቀም አይደለም ሲሉ ኖረዋል፤ በዚህ ላይ ያለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ከውሉ በኋላ መሐንዲሶች ተከታትለው መጡ። ዱፑዊ እ.ኤ.አ. በ1902 እና 1903፣ ግራብሃምና ብላክ ደግሞ በ1920 እና 1921 ጣናን ለክተው ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1925 በሱዳን የሴናር ግድብ ተጠናቅቆ የገዚራ ጥጥ ውሃ ማግኘት ሲጀምር የጣና ጉዳይ ይበልጥ አስቸኳይ ሆነ።

በዳንግላ የኖሩት ቆንስል

ሻለቃ ሮበርት ቺስማን የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የብሪታንያ ቆንስል ሆነው የተሾሙት በዚሁ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። መቀመጫቸው ዳንግላ ነበር። ቺስማን ወፍ ማጥናትና ያልታየ አገር ማየት የሚወዱ ሰው ነበሩ። በኢራቅ የሰር ፐርሲ ኮክስ ጸሐፊ ሆነው ሠርተዋል፤ ከዚያም በዓረብ በረሃ እስከ ጃብሪን ድረስ ዘልቀው ስለ ጉዞው መጽሐፍ ጽፈዋል። በዳንግላ የተሰጣቸው ሥራ የድንበር ዘረፋንና የባሪያ ንግድን መከታተል፣ ከሱዳን የሚመላለሱ ነጋዴዎችን ጉዳይ ማየት፣ የአካባቢውንም ወሬ ለመንግሥታቸው ማሳወቅ ነበር።

የዚያን ጊዜ ዳንግላ የመኪና መንገድ አልነበራትም። አዲስ አበባ ለመድረስ በበቅሎ ሳምንታት ይፈጃል። ክረምቱ ሲገባ ወንዞች ይሞላሉ፤ ጉዞ ይቆማል። መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲጠነክር ቺስማን በቅሎ አስጭነው፣ አሽከርና መንገድ መሪ ይዘው ይወጣሉ። ወፍ ያያሉ፣ ዕፅዋት ይመዘግባሉ፣ ከፍታ ይለካሉ፣ ካርታ ይነድፋሉ።

ከእሳቸው በፊት የመጡት ታዋቂ እንግዶች የፈለጉት ምንጩን ነበር። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 ሰከላ ወርደው ግሽ ዓባይን አይተዋል። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሱዳን እስኪገባ የሚሄድበት ጥልቅ ሸለቆ ግን በቺስማን ጊዜ በካርታ ላይ አብዛኛው በግምት የተነጠበ መስመር ነበር። ውሃውን ተከትሎ መሄድ ስለማይቻል ቆንስሉ በአፋፉ ይጓዙና መሻገሪያ በተገኘበት ወደ በረሃው ይወርዳሉ። ጎጃምን ከታች ዞረው የገባሮቹን መግቢያ መዘገቡ፤ የጣናን ደሴቶችና ገዳማትም እየተዘዋወሩ ጎበኙ። እ.ኤ.አ. በ1936 ለንደን ላይ ያሳተሙት ስለ ጣናና ዓባይ የሚናገር መጽሐፋቸው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። መሻገሪያው የት እንደሆነ፣ ወንዙን በየትኛው ወር እንደሚሻገሩት፣ የትኛው ቁልቁለት በቅሎ እንደሚያስወርድ የሚያውቁት የአገሩ ሰዎች ናቸው። የቺስማን ካርታ የተሠራው በእነዚህ ሰዎች እውቀት ላይ ነው። ቆንስሉ አገሩን ከልባቸው ወደውታል፤ ሥራቸውም የጥንቃቄ ሥራ ነው። ነገር ግን ካርታውና ማስታወሻው የሚላከው ወደ ለንደንና ወደ ካርቱም ነበር። አገሩን የሚያርሰው ሰው ስለ ወንዙ የተጻፈውን የሚያይበት መንገድ አልነበረውም፤ ስለ ወንዙ ምን እንደሚያስብም የጠየቀው የለም።

የጣና ግድብ ለምን ቀረ

ቺስማን በተሾሙበት ዓመት ታኅሣሥ ወር ብሪታንያና ጣሊያን ኢትዮጵያ ሳታውቅ ደብዳቤ ተለዋወጡ። ብሪታንያ የጣናን ግድብ ፈቃድ እንድታገኝ ጣሊያን ልትረዳት፣ ጣሊያንም ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ እንድትዘረጋ ብሪታንያ ልትደግፋት ተስማሙ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በሰኔ 1926 ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል ከሆነች ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም ነበር። ሁለቱ መንግሥታት ኢትዮጵያን የማስገደድ ሐሳብ የለንም ብለው ማስረዳት ግድ ሆነባቸው።

ራስ ተፈሪ በዚህ አላበቁም። እ.ኤ.አ. በ1927 ሐኪሙ ወርቅነህ እሸቴ፣ በሌላ ስማቸው ዶክተር ማርቲን፣ አሜሪካ ተልከው ጄ. ጂ. ዋይት ከሚባለው የምህንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። የኢትዮጵያ ሐሳብ ግድቡ ከተሠራ በራሷ ፈቃድ፣ በመረጠችው ኩባንያ፣ ውሃውንም ለሚፈልገው እየሸጠች እንዲሆን ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1930 እና 1931 ጥናት አካሄደ። ነገር ግን የዓለም ኢኮኖሚ በዚያው ጊዜ ተንኮታኮተ፤ በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ የጣሊያን ወረራ መጣ፤ ግድቡም በወረቀት ላይ ቀረ።

ማስታወሻው ጦርነት ላይ ሲውል

የቆንስሉ እውቀት ግን ሥራ አልፈታም። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1940 ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ቺስማን ተመልሰው ካርቱም ውስጥ የኢትዮጵያን ጉዳይ የሚከታተለው የመረጃ ክፍል ኃላፊ ሆኑ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ አርበኞችን ለመርዳት በድብቅ ጎጃም ገቡ። ሳንድፎርድ ከወረራው በፊት አዲስ አበባ አጠገብ ሙሎ ላይ እርሻ ይዘው የኖሩ እንግሊዛዊ ናቸው። በጎጃም እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ የመሩት አርበኛ ጣሊያንን ዕረፍት ነስቶት ነበር።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. የቀድሞው ራስ ተፈሪ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ከስደት ተመልሰው ድንበሩ አጠገብ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለው አገራቸው ገቡ። የእንግሊዛዊው መኮንን የኦርድ ዊንጌት ጦር ከአርበኞች ጋር ወደ ቡሬ ገፋ፤ ጣሊያን የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቀቀ። ከሁለት ቀን በኋላ የሚያፈገፍገው የጣሊያን ጦር ደምበጫ አጠገብ ከኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ጋር ከባድ ውጊያ ገጠመ። ለወፍና ለወንዝ ሲባል የተሰበሰበ እውቀት ጣሊያንን ለማስወጣት በዋለ ጊዜ ለኢትዮጵያ ጠቅሟል። ያው እውቀት ቀደም ሲል የተሰበሰበው ውሃዋን ለሚፈልግ መንግሥት ነበር። ስለ አገር የተሰበሰበ መረጃ ጥቅሙ የሚለካው በማን እጅ እንደሆነ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ከጣና ወደ ድንበር

እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን የናይልን ዓመታዊ ውሃ 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለግብፅ፣ 18.5 ቢሊዮን ለሱዳን ብለው ተከፋፈሉ። ኢትዮጵያ አልተጠየቀችም። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ የመሬት ማልሚያ ቢሮ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የዓባይን ተፋሰስ እያጠኑ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1964 የተካሄደው ይህ ጥናት ብዙ የመስኖና የመብራት ኃይል ቦታዎችን ለየ፤ ድንበሩ አጠገብ ያለው የግድብ ቦታም ከእነሱ አንዱ ነው። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጣለ፤ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። የደምበጫ ገበሬም እንደ ሌላው ኢትዮጵያዊ ቦንድ ገዝቶበታል።

በዚህ ሁሉ የጥያቄው መልክ ተለወጠ እንጂ የሚታይበት ቦታ አልተለወጠም። ፊት የሐይቁ መውጫ ነበር፤ አሁን የድንበሩ ግድብ ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ አገር፣ ውሃውንና አፈሩን አብሮ የሚልከው አገር፣ አሁንም መተላለፊያ ሆኖ ይታያል።

አንጀኒ ያስተማረን

ወደ ተዳፋቱ ዓይናቸውን ካዞሩት አንዱ ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 የበርን ዩኒቨርሲቲና የግብርና ሚኒስቴር በመተባበር የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ጀመሩ። የፕሮግራሙ አንድ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1984 ደምበጫ ወረዳ አንጀኒ ላይ ተከፈተ። ተፋሰሱ 113 ሄክታር ነው። ዝናቡ በዓመት ከ1,600 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ጣቢያው የሚወርደውን ዝናብ፣ የሚፈስሰውን ውሃና ውሃው ይዞት የሚሄደውን አፈር መለካት ያዘ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በተፋሰሱ ማሳዎች ላይ ፋኛ ጁ የሚባለው እርከን ተሠራ። አሠራሩ ቦዩን በተዳፋቱ አግድም ቆፍሮ አፈሩን ወደ ላይኛው ጎን ጥሎ ካብ መሥራት ነው። ከላይ የሚታጠበው አፈር ካቡ ላይ እየተጠራቀመ ማሳው በዓመታት ውስጥ ደረጃ ይሠራል፤ ተዳፋቱም ይቀንሳል። በአንጀኒ ይህ በዓይን የሚታይ ሆኗል።

ገበሬው ግን የራሱ ቅሬታ ነበረው፤ ቅሬታውም እውነት አለው። እርከኑ ከጠባቧ ማሳ ላይ መሬት ይወስዳል። በሬ ለማዞር ያስቸግራል። ካቡ ውስጥ አይጥ ይራባል። ዝናብ በበዛበት በዚህ አገር ውሃ ከካቡ ኋላ ይተኛና ሰብሉን ያበላሻል። የእርከኑ ጥቅም ደግሞ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ድካሙና የመሬቱ ማነስ ዘንድሮ ነው። በዘመቻ ቀን የተሠራ እርከን በማግስቱ የሚፈርሰው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ያን ድካም የሚሸከመው የደምበጫ ገበሬ ነው፤ ጥቅሙ ግን እስከ ሱዳን ይደርሳል። ከማሳው የሚታጠበው አፈር የሱዳንን ሴናርና ሮሴሪስ ግድቦች በደለል ሞልቶ የመያዝ አቅማቸውን በእጅጉ ቀንሶታል። ዛሬ ያ ደለል አስቀድሞ የሚያርፈው በሕዳሴ ግድብ ውስጥ ነው። ተራራው ላይ የቀረ እያንዳንዱ እፍኝ አፈር ለገበሬው እህል ነው፤ ለግድቡም ዕድሜ ነው።

አሁን የሚጠየቀው

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ያለው ግጭት መንገድንም፣ ሥራንም፣ ሕይወትንም ጎድቷል። በሰላም መውጣትና መግባት በሌለበት ዝናብ የሚለካ፣ እርከን የሚጠግን ሰው አይገኝም። ሰላም የውሃው ጥያቄ መጀመሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ነገር መደረግ አለበት።

አንደኛ፣ እንደ አንጀኒ ባሉ ቦታዎች ለአሥርተ ዓመታት የተሰበሰበው መረጃ ወደ ባለቤቱ ይመለስ። በውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ጽሑፍ የወጣበት የዝናብና የአፈር ልኬት በአማርኛ ተጽፎ ለደምበጫ፣ ለጃቢ ጠህናንና ለቡሬ ገበሬ፣ ለግብርና ባለሙያውና ለትምህርት ቤቱ ሊደርስ ይገባል። የቺስማን ዘመን አሠራር ሊቀጥል አይገባም።

ሁለተኛ፣ የላይኛውን ተፋሰስ የሚጠብቀው ሰው ዋጋ ይከፈለው። ግድቡ መብራት እየሸጠ ገንዘብ ያገኛል። ከዚያ ገቢ የተወሰነው እርከን ለሚጠግን፣ ግጦሹን ለሚከልል፣ ችግኝ ለሚያሳድግ ማኅበረሰብ ቢመደብ ምጽዋት አይባልም፤ ለግድቡ ጥገና የሚወጣ ወጪ ነው። የገጠሩ ቤት መብራት ማግኘቱም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፤ ማገዶ የሚያስቆርጠው አንዱ ነገር የመብራት እጦት ነውና።

ሦስተኛ፣ እርከኑ የትና እንዴት ይሠራ የሚለውን ገበሬው ከባለሙያው ጋር ይወስን። የበሬን መዞሪያና ውሃ የሚተኛበትን ቦታ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ቺስማን መሻገሪያውን የጠየቁት አገሬውን ነበር፤ መንገድ ለማወቅ የተጠየቀ ሰው ውሳኔ ላይም መጠየቅ አለበት።

ኢትዮጵያ ለአንድ ምዕተ ዓመት በካይሮና በለንደን ፊት የተከራከረችው ውሃው የሚነሳበት አገር ሳይጠየቅ ስለ ውሃው አይወሰንም ብላ ነው። ያ ክርክር ትክክል ነው። ትክክል የሚሆነው ግን በአገር ውስጥም ሲሠራ፣ ብርና ተምጫ የሚነሱበት ቀበሌ አዲስ አበባና ባሕር ዳር ላይ ሲደመጥ ነው።